በሌዘር የተለበጠ የኒኬል ቅይጥ በሚሽከረከር ጭነት ሥር እንዳይላጥ፦ ከዝግጅት እስከ ድካም ሙከራ

ያረጀ ሮለር በሌዘር ተለብጦ (የብረት ዱቄት ፊቱ ላይ በሌዘር ቀልጦ ተሸፍኖበት) ሲመጣ ሁሉ ነገሩ ያምራል። ጥንካሬው ሲለካ ሮክዌል ሲ 60 ይነበባል፤ በግራይንደር ካለፈ በኋላም ፊቱ መስታወት ይመስላል። ሥራ ላይ ውሎ ጥቂት ወራት ሲቆይ ግን ፊቱ ይቦረቦራል፣ አንዳንዴም በቁራጭ ቁራጩ ይነሳል። ያኔ ሁሉም ጣቱን ወደ ዱቄቱ ይቀስራል፤ «የተሻለ ዱቄት እንግዛ» ይባልና ያው ስህተት በውድ ዱቄት ይደገማል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሽፋኑና ዋናው ብረት የሚጋጠሙበት መስመር ጭነቱ በሚበረታበት ጥልቀት ላይ ይወድቃል፤ ወይም መጋጠሚያው ራሱ ሲሠራ ተሰንጥቋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ዱቄት በኖዝል ለሚረጭ የፋይበር ሌዘር ነው። ዕቃውን ለሌላ ድርጅት ልካችሁ የምታስለብጡ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 2፣ 3፣ 5 እና 8ን የሥራ ማዘዣው ላይ አስፍሩ።

ከሁሉ በፊት፦ ዓይንና ሳንባ

የፋይበር ሌዘር ጨረር 1,070 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ከሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ ነጥሮ የሚመጣው ብቻውን እንኳ ዓይን ያጠፋል። መነጽሩ ላይ ይህ የሞገድ ርዝመት መጻፉን አረጋግጡ። የብየዳ መነጽር አይተካውም። የኒኬል ዱቄትን በኮምፕረሰር አየር አታራግፉ፣ በደረቁም አትጥረጉ። ፒ3 ማጣሪያ ያለው ጭንብልና ጓንት አድርጉ። ቆዳው በኒኬል የሚያሳክክ ሰው ዱቄት መሙላት የለበትም።

## ደረጃ 1፦ የተበላሸውን ሽፋን አንብቡ

አሮጌውን ሽፋን በቶርኖ ከማንሳታችሁ በፊት በኤሴቶን እጠቡትና በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር እዩት።

- ጥቃቅንና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ከሆኑ፣ ጉዳቱ የጀመረው ከላይ ነው። ሻካራ ፊት፣ ቆሻሻ ዘይት ወይም የቀጠነ የዘይት ሽፋን ጠርጥሩ።
- ጠርዛቸው ገደል የሆነ ጠለቅ ያሉ ጉድጓዶች ከሆኑ፣ ስንጥቁ የተነሳው ከሽፋኑ ውስጥ ነው። የአየር ቀዳዳ ወይም ያልቀለጠ ዱቄት ፈልጉ።
- ሰፊና ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ልጥ ከሆነ፣ የለቀቀው መጋጠሚያው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ለማረጋገጥ የጉድጓዱን ወለል በደንብ አጽድታችሁ በውኃ የሟሟ የመዳብ ሰልፌት አንድ ጠብታ ጣሉበት። ብረት ከሆነ ወዲያው የመዳብ ቅላት ይይዛል፤ ክሮሚየም የበዛበት የኒኬል ቅይጥ ግን አይቀላም። ወለሉ በሙሉ ከቀላ ሽፋኑ ከሥሩ ለቋል ማለት ነው። ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ካልቀላ ስንጥቁ መጋጠሚያውን እየወጣና እየወረደ ሄዷል። ሲጨርሱ በውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው።

## ደረጃ 2፦ ጭነቱ በየትኛው ጥልቀት እንደሚበረታ አስሉ

ብዙዎች የሚዘልሉት ይህን ደረጃ ነው። የሽፋኑን ውፍረት የሚወስኑት «ስንት ሚሊ ሜትር አልቋል?» ብለው ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም።

ሁለት ሲሊንደሮች ተጫጭነው ሲነካኩ ንክኪያቸው ጠባብ ጥብጣብ ይሆናል። ብረቱን የሚሰነጥቀው የሸር ጫና (ንብርብሩን በንብርብር ላይ ሊያንሸራትት የሚገፋው) ከሁሉ የሚበረታው ደግሞ ከፊቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል፦

1. ጭነት፦ በንክኪው ርዝመት አካፍሉት። መለኪያው ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው።
2. ተመጣጣኝ ራዲየስ፦ ለሁለት ሮለሮች የሁለቱን ራዲየስ አባዝታችሁ ለድምራቸው አካፍሉ። ጎማ በጠፍጣፋ ሐዲድ ላይ ከሆነ የጎማውን ራዲየስ እንዳለ ውሰዱ።
3. የጥብጣቡ ግማሽ ስፋት = √(4 × ጭነት × ራዲየስ ÷ (3.14 × 115,000))። 115,000 ሜጋፓስካል ለብረት በብረት የሚሠራ ቁጥር ነው፤ የኒኬል ቅይጥ ከብረት ብዙ ስለማይርቅ ይበቃል።
4. ከፍተኛ ግፊት = 2 × ጭነት ÷ (3.14 × ግማሽ ስፋት)።
5. የሸር ጫናው ጣሪያ = 0.30 × ከፍተኛ ግፊት። የሚገኝበት ጥልቀት = 0.786 × ግማሽ ስፋት።
6. በመጋጠሚያው ላይ ያለው ጫና፦ የሽፋኑን ውፍረት ለግማሽ ስፋት አካፍሉና «ጥ» በሉት። ጫናው = ከፍተኛ ግፊት × (ጥ − ጥ² ÷ √(1 + ጥ²))።

ሁለት ዕቃዎች ላይ እንሞክረው።

ትንሽ ሮለር። ሁለቱም ሮለሮች 60 ሚ.ሜ ዲያሜትር፣ ጭነቱ 500 ኒውተን በሚ.ሜ። ግማሽ ስፋቱ 0.288 ሚ.ሜ፣ ግፊቱ 1,105 ሜጋፓስካል ይመጣል። የጫናው ጣሪያ 332 ሲሆን የሚገኘው 0.23 ሚ.ሜ ጥልቀት ላይ ነው። ሽፋኑ 1 ሚ.ሜ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ የሚደርሰው 150 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ጣሪያው ያረፈው ጠንካራው ሽፋን መሐል ነው፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

የክሬን የብረት ጎማ። ዲያሜትሩ 400 ሚ.ሜ፣ በጎማው ላይ 150,000 ኒውተን (15 ቶን ገደማ)፣ ጠፍጣፋ ሐዲድ፣ የንክኪ ርዝመት 50 ሚ.ሜ። ግማሽ ስፋቱ 2.58 ሚ.ሜ፣ ግፊቱ 741 ሜጋፓስካል ነው። ከትንሹ ሮለር በጣም ያነሰ ስለሆነ «ይሄማ ቀላል ነው» ያሰኛል። ጣሪያው ግን 222 ሜጋፓስካል ሆኖ የሚገኘው 2 ሚ.ሜ ጥልቀት ላይ ነው። የተለመደውን 2 ሚ.ሜ ሽፋን ብትለብጡ መጋጠሚያውን ልክ ጣሪያው ላይ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

«እናወፍረው» የሚል ይኖራል። ወደ 4 ሚ.ሜ ብታወፍሩት 222 የነበረው ወደ 183 ይወርዳል፤ ለልፋቱና ለስንጥቅ ስጋቱ የሚመጥን ትርፍ አይደለም። የሚያዋጣው ከሥር ያለውን ብረት ማጠንከር ነው። ኖርማላይዝ የተደረገ (ሞቆ በአየር የቀዘቀዘ) ሲ45 የሚባለው ተራ የካርቦን ብረት የመለጠጥ ወሰኑ ከ300 እስከ 340 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን በሸር የሚችለው ግማሹን ያህል ነው፤ 222ን አይሸከምም። ያን ጊዜ ጠንካራው ሽፋን ጭቃ ላይ የተነጠፈ ሸክላ ይሆናል። 42ክሮሞ4 የሚባለው የክሮሚየምና ሞሊብደነም ብረት ተጠምቆና ቴምፐር ተደርጎ (ሞቆ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በመጠኑ እንደገና ሞቆ) ሲመጣ በዚህ መጠን ባለ ዕቃ ወሰኑ 500 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሆን ይችለዋል። ዋናው ብረት ምን እንደሆነ ሳታውቁ ለትልቅ ጎማ ዋጋ አትስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስሌቱ ለንጹሕ መሽከርከር ነው። መንሸራተት ካለና የሰበቃው መጠን 0.3 አካባቢ ከደረሰ ጣሪያው ወደ ዕቃው ፊት ይወጣል። የሮለሩ ጫፍ ሹል ከሆነም ጭነቱ ጫፉ ላይ ይከመራል፤ ጫፎቹን አለዝቡ።

## ደረጃ 3፦ ቅይጡን ምረጡ

ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ቦሮንና ሲሊከን ያለባቸው ዱቄቶች የሚሸጡት በጥንካሬ ደረጃ ነው። «60» የሚባለው 16 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ ከ3 እስከ 4 በመቶ ቦሮንና 4 በመቶ ገደማ ሲሊከን ይዞ ሮክዌል 60 አካባቢ ይደርሳል። ለመፋቅ አይበገርም፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ከ40 እስከ 50 ያሉት ለመለበጥ ይቀላሉ፣ ስንጥቅም ያነሰባቸው ናቸው።

የእኔ ምርጫ፣ ለትንሽና ግፊቱ ከፍ ላለ ሮለር 60ውን፤ ለትልቅ ጎማና ምት ለሚያገኘው ዕቃ ደግሞ 40 ወይም 45ቱን ነው። ለመሽከርከር ሥራ ተንግስተን ካርባይድ አትቀላቅሉ። አሸዋና አፈርን ይከላከላል፤ በሚደጋገም ጭነት ሥር ግን የእያንዳንዱ ቅንጣት ጠርዝ የስንጥቅ መነሻ ነው።

60ው አልያዝ ብሎ የሚሰነጠቅ ከሆነ ከሥሩ እንደ ኢንኮኔል 625 ያለ ለስላሳ የኒኬል ቅይጥ ንብርብር ማድረግ ይቻላል። ይህ ንብርብር የጫናው ጣሪያ ላይ እንዳያርፍ ግን ደረጃ 2ን መልሳችሁ አስሉ።

## ደረጃ 4፦ ዘንጉንና ዱቄቱን አዘጋጁ

1. የደከመውን ብረት በሙሉ በቶርኖ አንሱ። ስንጥቅ ያለበት ብረት ላይ የተለበጠ ሽፋን ስንጥቁን ይወርሳል። ካነሳችሁ በኋላ በቀይ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚያሳይ ቀለም) ፈትሹ።
2. የሽፋኑ ጫፍ የሚያርፍበትን ትከሻ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ፤ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት። ቀጥ ባለ ጥግ ውስጥ ዱቄቱ በደንብ አይቀልጥም።
3. በኤሴቶን እጠቡ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩ። ዘይት የጠጣ አሮጌ ዘንግ ከሆነ መጀመሪያ አሙቁት፤ ዘይቱ ሲያልብ አጽድታችሁ ድገሙ።
4. ዲያሜትሩንና በዳያል ጌጅ የሚታየውን መንቀጥቀጥ መዝግቡ።
5. ዱቄቱን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ2 ሰዓት አድርቁ። የቅንጣቱ መጠን ከ50 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይሁን። ከወለል የተሰበሰበ ዱቄት አትመልሱ።

ዱቄቱ እየተቆራረጠ ቢወርድ፦ መጋቢውን ከማፍረሳችሁ በፊት እርጥበት ጠርጥሩ። በክረምት ክፍት ጆንያ ውስጥ ያደረ ዱቄት ይህን ያደርጋል።

## ደረጃ 5፦ በቁራጭ ላይ ሞክሩ

ዋናውን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ከተመሳሳይ ብረት በተቆረጠ፣ ውፍረቱም በሚቀራረብ ቁራጭ ላይ ለብጡ። መነሻ ቁጥሮች፦ 2 ኪሎዋት፣ 4 ሚ.ሜ የጨረር ነጥብ፣ በሰከንድ 8 ሚ.ሜ፣ በደቂቃ 15 ግራም ዱቄት፣ በደቂቃ 15 ሊትር አርጎን። በአንድ መስመር 1 ሚ.ሜ ገደማ ከፍታ ይሰጣችኋል። መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም።

ቁራጩን አቋርጣችሁ ቁረጡ፣ አለስልሱ፣ 3 በመቶ ናይታል (በአልኮል የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ) ቀቡት። ብረቱ ይጠቁራል፣ ሽፋኑ ነጭ እንዳለ ይቀራል። አሁን ከመጀመሪያው የብረት ወለል በታች የቀለጠውን የቆዳ ስፋት ለጠቅላላው የቀለጠ የቆዳ ስፋት አካፍሉ። ውጤቱ የመቀላቀል መጠን ነው።

- ከ5 እስከ 10 በመቶ፦ ቀጥሉ።
- ከዚያ በላይ፦ ብረቱ ሽፋኑን እያቀጠነው ነው፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ኃይል ቀንሱ ወይም ዱቄት ጨምሩ።
- ዜሮ የሚጠጋ፦ በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር ክር ይታያል። ይህ ያልተያያዘ ሽፋን ስለሆነ በሚሽከረከር ጭነት ይላጣል። ኃይል ጨምሩ ወይም ፍጥነት ቀንሱ።

በመጨረሻ ከፊቱ ጀምራችሁ እስከ ዋናው ብረት ድረስ በቪከርስ ጥንካሬ ለኩ፤ በሁለት ንክሻዎች መካከል የንክሻውን ሰያፍ 3 እጥፍ ክፍተት ተዉ። የምትፈልጉት ቁልቁለት ነው። ከመጋጠሚያው ሥር ጥንካሬው ድንገት ከ600 በላይ ከዘለለ ሙቀት የነካው ቀጠና ተሰባሪ ሆኗል፣ ቅድመ ሙቀቱ አልበቃም። በተጠመቀ ብረት ላይ ከዚያ ቀጠና ዝቅ ብሎ የለሰለሰ ቀበቶም ይኖራል፤ ጥልቀቱን ከደረጃ 2 ቁጥር ጋር አነጻጽሩ።

## ደረጃ 6፦ አሙቁና ለብጡ

1. ለ60 ደረጃ ዱቄት ከ350 እስከ 400 ዲግሪ፣ ለ40 ደረጃ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ አሙቁ። ዋናው ብረት 42ክሮሞ4 ከሆነ ዱቄቱ ምንም ይሁን ከ300 በታች አትጀምሩ። በችቦ ካሞቃችሁ ዘንጉ እየዞረ ይሁን። ነበልባሉ ከተነሳ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ፤ ፊቱ ሞቆ ልቡ ቀዝቃዛ የሆነ ዘንግ ሁሌ ያታልላል።
2. 60 ሚ.ሜ ዘንግ በሰከንድ 8 ሚ.ሜ እንዲሄድ በደቂቃ 2.5 ዙር ያህል አዙሩት። በየዙሩ ኖዝሉ 2 ሚ.ሜ ይራመድ፤ መስመሮቹ በግማሽ ይደራረባሉ።
3. መጀመሪያውና ማብቂያው ከሚነካካው ክፍል ውጭ ይሁኑ። ሁለቱም ቦታዎች ቀዳዳና ስንጥቅ ይወዳሉ።
4. ሁለተኛ ንብርብር ካለ የመጀመሪያው ከቅድመ ሙቀቱ በታች ሳይወርድ ጀምሩ።
5. ለግራይንደር ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ትርፍ ተዉ።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፦ ዘንጉን ወዲያው በሴራሚክ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ የጋዝ ችቦ ካለ ሙቀቱን ያዙ። መብራት ሲመጣ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። የማብቂያውን ጉድጓድ ፍቁት፣ በፔኔትራንት ለማየት የግድ መቀዝቀዝ ካለበት ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና እስከ ቅድመ ሙቀቱ አሙቁ፣ ከዚያ 10 ሚ.ሜ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ደርቡ።

ፊቱ ላይ አረፋ ቢታይ፦ አርጎኑን፣ የዱቄቱን እርጥበትና ዝገትን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። በላዩ ላይ ሌላ ንብርብር ደርባችሁ አትሸፍኑት።

## ደረጃ 7፦ አቀዝቅዙ

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ሰው ደክሞታል፣ ዘንጉም ያለቀ ይመስላል። ዘንጉን በቨርሚኩላይት (ሙቀት በሚይዝ ቀላል ማዕድን) ወይም በሴራሚክ ብርድ ልብስ ቅበሩት፤ ምድጃ ካለ በሰዓት ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት እስከ 100 ዲግሪ አውርዱት። በርና መስኮት ዝጉ።

ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ከሰማችሁ ሽፋኑ እየተሰነጠቀ ነው። ስንጥቆቹ አብዛኛውን ጊዜ የለበጣችሁበትን መስመር ያቋርጣሉ። አንዴ ከጀመረ በሙቀት አይመለስም፤ ሽፋኑን አንስታችሁ ቅድመ ሙቀቱን በ50 ዲግሪ ከፍ አድርጉ ወይም ለስለስ ያለ ቅይጥ ውሰዱ።

## ደረጃ 8፦ ፈትሹ፣ ግራይንድ አድርጉ፣ እንደገና ፈትሹ

ክሮሚየም የበዛበት የኒኬል ቅይጥ ማግኔት ስለማይስብ በማግኔት ዱቄት መፈተሽ ያሳስታል፤ መጋጠሚያው ራሱ የውሸት መስመር ያሳያል። ቀይ ፔኔትራንት ተጠቀሙ፦ ቀቡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጨርቅ ጥረጉ (ፈሳሹን በቀጥታ ፊቱ ላይ አትርጩ)፣ ነጩን ገላጭ ንፉ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ እዩ።

ለግራይንደር ሲቢኤን (ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ) ወይም አረንጓዴ ሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ ይሁን። በየማለፊያው 0.01 ሚ.ሜ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቋረጥ። የቸኮለ ግራይንደር ደህና የወጣውን ሽፋን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፔኔትራንቱን ድገሙ። የፊቱ ሻካራነት 0.4 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ይሁን። የመጨረሻው ውፍረት የሚታወቀው ከደረጃ 4 ዲያሜትር ተነስቶ ነው፤ ስሌታችሁን በዚህ ቁጥር ድገሙ። ዘንጉ ትንሽ ካፈነገጠ በአንድ ወገን ሽፋኑ ቀጥኖ ይቀራል።

## ደረጃ 9፦ የድካም ሙከራ

ድካም ማለት ብረት ከተደጋጋሚ ጭነት ብዛት መሰንጠቁ ነው። ብዙ ዕቃ የምትለብጡ ከሆነ ሙከራው የግድ ነው። ሁለት ዲስኮች ዘይት ውስጥ ተጫጭነው የሚሽከረከሩበት ማሽን ይበቃል።

1. ቢያንስ 8 ናሙና በአንድ ዓይነት አሠራር ለብጡ። በሁለትና በሦስት ናሙና የተሰጠ ዋስትና ዋጋ የለውም፤ የብረት ድካም በባሕርዩ የተበታተነ ነው።
2. ጭነቱን በሥራ ላይ ካለው ግፊት ጋር አዛምዱ፤ ከዚያም የግማሽ ስፋቱንና የሽፋኑን ውፍረት ምጥጥን ጠብቁ። የክሬን ጎማን በትንሽ ዲስክና በ2 ሚ.ሜ ሽፋን ብትሞክሩት ግፊቱ ቢመሳሰል እንኳ መጋጠሚያው ጫናውን አያየውም፤ ሙከራው ሳይገባው ያልፋል።
3. መንሸራተት በሥራው ላይ ካለ በሙከራውም ይኑር።
4. የንዝረት መለኪያው ሲዘል ማሽኑ በራሱ እንዲቆም አድርጉ። 10 ሚሊዮን ዙር ላይ ያልተበላሸውን አቁሙ፤ በደቂቃ 1,000 ዙር 7 ቀን ይፈጃል።
5. የዕድሜዎቹን አማካይ አትውሰዱ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩና ለእያንዳንዱ (ተራ ቁጥር − 0.3) ÷ (የናሙና ብዛት + 0.4) አስሉ። ከ8 ናሙና የመጀመሪያው 8.3 በመቶ፣ የመጨረሻው 91.7 በመቶ ይሆናል። በዋይቡል ወረቀት (የብልሽት ዕድሜዎች በቀጥታ መስመር በሚታዩበት የግራፍ ወረቀት) ላይ አስፍሩና 10 በመቶው የሚበላሽበትን ዕድሜ አንብቡ። ለደንበኛ የሚነገረው እሱ ነው። ሳይበላሹ የቆሙት ከቁጥሩ አይውጡ፤ ሳይጨርሱ እንደቆሙ መዝግቧቸው።

ነጥቦቹ በአንድ መስመር ካልሰደሩ፦ ሁለት ዓይነት ብልሽት ተቀላቅሏል። የተበላሹትን ናሙናዎች ቁረጡ፣ ናይታል ቀቡ፣ ስንጥቁ ከየት እንደተነሳ እዩ። ከመጋጠሚያው ከተነሳ ወደ ደረጃ 2 እና 5 ተመለሱ። ከቀዳዳ ከሆነ ደረጃ 4ን፣ ከፊቱ ከሆነ ደረጃ 8ንና ዘይቱን አስተካክሉ፤ ሁለቱን ቡድኖችም ለየብቻ ደርድሯቸው።